ቀዩ ምልክት የየትኛው ክፍል ነው?

ሰው አላምንም እያሉ ያሙኛል። ሐሰት ነው። አምናለሁ፤ ካጣራሁ በኋላ ነው እንጂ። አሁን ይህን የምታነቡትን እናንተንም በደንብ ስለማላውቃችሁ፣ የምኖርባት ከተማ ከጎብዬና ከዋጃ መካከል ናት ብዬ ልለፈው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ለማያውቀው ደግሞ ስሟ ምን ያደርግለታል?

ሥራዬ የውሃ ሞተር መጠገን ነው። የራያ ቆላ ገበሬ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በሞተር ስለሚያጠጣ ሞተሩ ያስቸገረው ቀን ወደ እኔ ይመጣል። ዝናብ ከጣለ ግን ሞተርንም እኔንም የሚያስታውስ የለም። ያኔ ቤታችንን የምታኖረው ባለቤቴ ዘሃራ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስትረግጥ ትውላለች፤ እኛም እንበላለን። ያቺ ክፍል ከሌለች ክረምቱን እንዴት እንደምንወጣው አላህ ነው የሚያውቀው።

ነገሩ የጀመረው በዚችው ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። በገበያ ማግስት ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ውሃ ይዤ ብቅ ስል፣ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት አየሁ። ውሃውን እግሬ ላይ ደፋሁት።

ለምን እንደደነገጥኩ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ከተማ ግድግዳ ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ ትርጉም አለው። በር ላይ በጠመኔ ቁጥር ከተጻፈ ክትባት ነው፤ የዚህ ቤት ሕፃናት ጠብታቸውን ወስደዋል ማለት ነው። በከሰል ከሆነ የጻፉት ልጆች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ስድብ ነው። ቀይ ቀለም ከሆነ ግን ይፈርሳል ማለት ነው። ለመንገድ ይሁን ለጎርፍ መውረጃ፣ ምክንያቱ የሚነገረው ከፈረሰ በኋላ ነው።

"ዘሃራ!" ብዬ ጮህኩ።

ክር በጥርሷ እንደያዘች ወጣች። አየችው። ክሩ ከአፏ ወደቀ።

"ያረቢ! ማን ነው ይሄን ያደረገው?"

"እሱን ነው የማጣራው።"

"ቆይ፣ ሞተር የምታጥብበትን ቤንዚን ላምጣና ልጥረገው።"

"እንዳትነኪው!" አልኳት። "የመንግሥት ምልክት የነካ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?"

"ምን ይሆናል?"

ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። "ተይው ብቻ" አልኩ።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ሞላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "እንዴት አደራችሁ? ደህና ናችሁ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?" አለን። ልብ አድርጉልኝ። ሞላና እኔ ባለፈው ክረምት ተጣልተናል። ከተራራው የወረደው ጎርፍ በማን ግቢ ያልፋል የሚል ጠብ ነው፤ እሱ አፈር ሲደለድል እኔም ስደለድል፣ ጎርፉ በሁለታችንም ግቢ ገብቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሞላ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ነው የሚያልፈኝ። ዛሬ በእኔ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት በተገኘበት ጠዋት የልጆቼን ጤና ለምን ጠየቀ? ፊቴን አዙሬ ገባሁ። በልቤ ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ሆኗል። ቤቴን ጠቁሞ ያስመረጠኝ እሱ ነው አልኩ።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ድሮ ማዘጋጃ ቤት ማለት አንድ ግቢ፣ አንድ ዘበኛና አንድ የሚጮህ ሰውዬ ነበር። ጉዳይህ ምንም ይሁን ምን የሚጮህብህ ያው ሰውዬ ነው። አሁን ሥራው ተከፋፍሏል። ለመሬት የራሱ ክፍል አለ፤ ለመንገድና ለጎርፍ መውረጃ ሌላ፤ ለጽዳትና ውበት ሌላ፤ ለደንብ ማስከበር ሌላ። እያንዳንዱም የራሱ ኃላፊና የራሱ ስብሰባ አለው። ይህ ሁሉ የተደረገው የእኔን እርካታ ለመጨመር እንደሆነ በሩ ላይ ተለጥፏል። አነበብኩት፤ ተጠራጠርኩ።

መጀመሪያ የገባሁት "የአንድ መስኮት አገልግሎት" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ወዳለበት አዳራሽ ነው። መስኮቱ ብዙ ነው። ክፍት የሆነው ግን አንዱ ብቻ ስለነበር በስሙ ላይ ቅሬታ የለኝም። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ጉዳዬን ሰምታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ጋሼ፣ ምን አጥፍተው ነው?"

"ምንም።"

"ታዲያ ከከተማው ሁሉ እርስዎን ብቻ ለምን መረጡ?"

ይሄ ጥያቄ እኔንም ከጠዋት ጀምሮ ሲበላኝ ነበር። ወደ መሬት ክፍል መራችኝ።

የመሬቱ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረና፣ እንዳላይበት ይመስለኛል፣ "ቁጥር አለው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ምልክቱ። እኛ ስናሰምር ከጎኑ ቁጥር እንጽፋለን።"

"ቁጥር የለውም።"

"እንግዲያው የእኛ አይደለም።"

ደስ አለኝ። "ታዲያ ላጥፋው?"

"ኧረ እንዳያደርጉት! የሌላ ክፍል ቢሆንስ? የሚሰርዘው ያሰመረው ክፍል ነው።"

መንገድና ጎርፍ መውረጃ ክፍል ገባሁ። እዚያ ያገኘሁት ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦም የሚያብረቀርቀውን ሰደርያውን አላወለቀም። "እኛ ኤክስ አናደርግም። እኛ ቀስት ነው የምናደርገው፤ ከየት እስከ የት እንደሚፈርስ የሚያሳይ" አለኝ። ላመሰግነው ስል ግን እስክሪብቶውን አነሳ። "ለመሆኑ ቤትዎ ከጎርፍ መውረጃው ምን ያህል ይርቃል?"

"ሩቅ ነው" አልኩ።

"ስንት ሜትር?"

"ብዙ።"

አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን አየው፤ ባልደረባው እኔን አየኝ። ከዚያ ክፍል ስወጣ፣ ስገባ ከነበረኝ የባሰ ሥጋት ይዤ ወጣሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቤቴን የማያውቅ ክፍል አሁን አወቀው።

ደንብ ማስከበር ጋ የነበሩት ጎልማሳ ግን ግልጽ ሰው ናቸው። ትሕትናቸውም አይረሳኝም። ወንበር ሰጡኝ፤ ደህንነቴን ጠየቁኝ፤ ከዚያ "ወንድሜ፣ በስህተት ነው የመጣህ። እኛ አናሰምርም። እኛ እናፈርሳለን" አሉኝ።

ጽዳትና ውበት ኃላፊዋ ሴት ናት። ቀይ ከተማዋን ያስቀይማል፤ እኛ አረንጓዴ ነው የምንቀባው አለችኝ። አክላም ግድግዳ ያቆሸሸው ሰው ካልታወቀ የሚጠየቀው ባለግድግዳው እንደሆነ ነገረችኝ። ልከስስ ሄጄ ልከሰስ ምንም አልቀረኝም። ብቻ ሁሉም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የሚሰርዘው ያሰመረው ክፍል ነው። ያሰመረ ክፍል ደግሞ የለም። ስለዚህ ቀለሙ የማንም ባለመሆኑ ማንም የማይነካው ሆኖ ግድግዳዬ ላይ ቀረ።

እኔ ከክፍል ክፍል ስዞር ወሬው ቤቴ ደርሶ ነበር። አንዷ ደንበኛ መጥታ ያልተሰፋ ጨርቋን ወሰደች። ሌላዋ ተከተለች። "ቀሚሴ ከቤቱ ጋር እንዳይቀበርብኝ" ያለችም አለች ተብሏል። ከሁሉ የከፋው ከሮቢት የመጡት ወይዘሮ ፋጡማ ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የሙሽራዋን፣ የእህቶቿንና የአክስቶቿን ልብስ በሙሉ ለዘሃራ ሰጥተው ነበር፤ ዘሃራ እስከ መስከረም የምንበላውን በዚያ ጨርቅ ላይ ነበር ያሰበችው። እሳቸው ምልክቱን አይተው እዚያው መንገዱ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝ" አሏት። "ሠርጉ ደርሷል። እንደው አንድ ቀን በለሊት መጥተው ቢያፈርሱት፣ ልጄን ምን አልብሼ እሰዳታለሁ?"

"እትዬ፣ ወላሂ አይፈርስም" አለች ዘሃራ።

"አብሽሪ የኔ ልጅ፤ ካልፈረሰ እመለሳለሁ" ብለው ጨርቁን በባጃጅ ጭነው ሄዱ።

ዘሃራ የስፌት መኪናዋን በአሮጌ ነጠላ ሸፈነችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ መኪና ከተጋባን ጀምሮ በቀን ሳይጮህ የዋለበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ዝም ሲል ቤቱ የእኔ ቤት አልመስል አለኝ። አዘንኩ። ሳዝን ደግሞ ጥርጣሬዬ ይብሳል። ይሄን ያደረገውን ሰው በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ የለም አልኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ በስፌት ክፍሏ መጋረጃ ሥር ተደብቄ መንገዱን ስጠብቅ ዋልኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ያለፈውን ሰው ሁሉ ጠረጠርኩ። ባልዲ የያዘ ካየሁ ቀለም ነው፤ እጁን ኪሱ ከከተተ ብሩሽ ነው። ሞላም አለፈ። ወደ ግድግዳው አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። "ሥራውን እያደነቀ ነው" አልኳት ለዘሃራ። እሷ ወደ ላይ ቀና ብላ ትንፋሿን ብቻ ለቀቀች።

ከብት ገበያው መፈታት ሲጀምር ነጋዴዎች የገዟቸውን ሰንጋዎች ወደ አስፋልቱ መንዳት ጀመሩ። እዚህ አገር የከብት ነጋዴ የገዛው በሬ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀልበት፣ ዋጋውን እንደጨረሰ እዚያው ገበያው ላይ ሽንጡ ላይ ቀለም ይቀባዋል። አንዱ ክብ ያደርጋል፤ አንዱ መስመር ያሰምራል። በቤታችን ጥግ መንገዱ ጠባብ ነው። አንድ ትልቅ ቦራ ሰንጋ እዚያ ሲደርስ ከፊት ለፊት ባጃጅ ጡሩምባውን ለቀቀው። በሬው ደንግጦ ወደ ጎን አለና ከነሽንጡ ግድግዳዬ ላይ ተለጠፈ። ተለጥፎ ቆመ። ባጃጁ ሲያልፍ ተላቅቆ መንገዱን ቀጠለ። በተነሳበት ቦታ ከመጀመሪያው ምልክት አጠገብ ሌላ ቀይ ኤክስ እርጥብ እንደሆነ ቀርቷል፤ ማኅተም የተመታ ነበር የሚመስለው።

በመስኮት ዘልዬ ወጣሁ። በሩ ክፍት እንደነበር የነገረችኝ ዘሃራ ናት፤ በኋላ። ነጋዴውን አስፋልቱ አጠገብ ደረስኩበት።

"ወንድሜ፣ በአላህ ና መስክርልኝ! በሬህ ግድግዳዬን አተመው!"

ነጋዴው ቀዝቀዝ ብሎ አየኝ። "የማን በሬ?"

"ይሄ በሬህ!"

"ይሄ በሬ የኔ አይደለም።"

"ገመዱን ይዘኸው የለም እንዴ?"

ገመዱን አየው። "እኔም መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት" አለና ገመዱን ሳይለቅ በሬውን ጭነት መኪናው ላይ አወጣው። ካሳ ልጠይቀው የመጣሁ መስሎት ነው። አልፈርድበትም፤ እኔም እሱን ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ስመለስ ዘሃራ ሁለቱን ምልክቶች እያየች ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከስንት ቀን በኋላ ስትስቅ አየኋት። እኔም ሳቅሁ።

"በል እንግዲህ፣ ታወቀ። አሁንስ ልጥረገው?"

"አሁንማ ጭራሽ!" አልኳት። "አሁን ማስረጃ ነው።"

ሳቋ ቆመ።

ሐቁን ይዤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሐቅ የያዘ ሰው ይፈጥናል። "ያሰመረው በሬ ነው" አልኩት የመሬቱን ባለሙያ። ጓደኞቹን ጠራና ድገመው አለኝ፤ ደገምኩት። "የበሬ ጉዳይ ግብርና ነው" አሉኝ። ግብርና ሄድኩ። "በሬው ታሟል?" አሉኝ። አልታመመም አልኩ። "ታዲያ እኛ ጋ ምን አመጣው?" ብለው ከገበያ የመጣ ስለሆነ ወደ ንግድ ሰደዱኝ። ንግድ ክፍል ያለው ሰው ደግሞ በሬው የተሸጠ ነው ወይስ ሊሸጥ የሚሄድ ሲል ጠየቀኝ። የተሸጠ ነው ብዬ መለስኩለት። "በቃ፣ ከእኛ እጅ ወጥቷል" አለኝ።

ከሐሰት ይልቅ ሐቁ እንዲህ ያመላልሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰዎቹ ደግሞ አሁን አተያያቸው ተለውጧል። ቀድሞ ምን አጥፍቶ ነው ይሉኝ ነበር፤ አሁን ምን ሊደብቅ ቢፈልግ ነው በበሬ የሚያሳብበው ይሉኛል። ስጠረጥር ኖሬ ተጠርጣሪ ሆንኩ።

ከዚህ ምልልስ በአንዱ ቀን ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። ሴቶች ከሞላ ግቢ ይወጣሉ። በእጃቸው የታጠፈ ልብስ፤ አዲስ የተሰፋ። ባለፈው ሳምንት ጨርቋን ከእኛ የወሰደችው ሴት ጭምር አለችበት! ወዲያው ሁሉም ነገር ገባኝ። ሞላ ልብስ ሰፊ ቀጥሮ ሱቅ ከፍቷል። በእኛ ላይ ሲወራ የከረመው ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። ሞላ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ "ስማኝማ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አለኝ። "ለማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ትነግራለህ!" ብዬው አለፍኩ።

ለዘሃራ ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን ልቧ ይሰበራል ብዬ ዋጥኩት። ወደ ስፌት ክፍሏም ከገባሁ ሰነባብቻለሁ። ያንን የተሸፈነ መኪና ማየት አልችልም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ይሄም አስጠረጠረኝ። ከዚያ "ጉዳዩ የብዙ ክፍሎች ስለሆነ ሁሉም ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋም፤ ቦታው ድረስ ይምጣ" አሉ። በከተማችን ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ላይ የወጡት ያን ቀን ይመስለኛል። መሬት በሜትሩ፣ መንገድ በሰደርያው፣ ጽዳትና ውበት በጃንጥላዋ፣ ደንብ ማስከበር ወንዱም ሴቱም፣ ግብርናም ምናልባት በሬው ካለ ብሎ፤ ተሰልፈው መንገዳችንን ሞሉት። እኔ ከፊት ከፊት እየመራሁ ጥጉን ስታጠፍ ግድግዳውን አየሁ።

ግድግዳው ንጹሕ ነው። ኤክስ የለ፣ ቀይ የለ። የቤንዚኑ ሽታ ብቻ አለ።

"የታለ?" አለ የመሬቱ ባለሙያ።

ዘሃራ ከግቢው በር ላይ ቆማለች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች። "የበሬ ቀለም ነው፤ ጠረግሁት፤ ለቀቀ። ይሄው ነው።"

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ምልክቱ ከሌለ የማን እንደነበር ማረጋገጥ አይቻልም፤ የማን እንደነበር ካልተረጋገጠ የማንም አልነበረም ማለት አይቻልም። ደንብ ማስከበሩ ጎልማሳ ወደ እኔ ዞር ብለው በዚያው ትሕትናቸው "ወንድሜ፣ ይሄ መጥፎ መልክ አለው" አሉኝ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ መላው የተገኘው ከመሬት ክፍል ነው። ምልክቱ እንደነበረ ይመለስ፤ ቁጥርም ይሰጠው፤ ያሰመረው ክፍል ስለሚታወቅ ያ ክፍል በሚቀጥለው ስብሰባው በደንቡ ይሰርዘዋል። ሁሉም ተስማሙ። እኔም የት ቦታ ላይ እንደነበር በጣቴ አሳየኋቸው። አዎ፣ ራሴ አሳየኋቸው! "ትንሽ ወደ ግራ" ሁሉ ብያለሁ።

የመሬቱ ባለሙያ በአዲስ ብሩሽ አሳምሮ ሠራው። በሬው ያልሠራውን ቁጥሩን ጨመረበት። ስብሰባው መቼ እንደሆነ ስጠይቅ "ይነገርዎታል" አሉኝና ለምሳ ሄዱ።

ዘሃራ የግቢው በር ላይ የለችም። ላባብላት ብዬ ያንን ስሸሸው የነበረውን የስፌት ክፍል ከፍቼ ገባሁ። ክፍሉ ባዶ ነው። መኪናው የለም፤ ነጠላው ብቻ መሬት ላይ ወድቋል። ተዘርፈናል ብዬ ልጮህ ስል መኪናው ሲንኳኳ ሰማሁት። ድምፁን በየትም አውቀዋለሁ። የሚመጣው ከሞላ ግቢ ነው።

በአጥሩ ዘልዬ ገባሁ። ዘሃራ የሞላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። አጠገቧ የወይዘሮ ፋጡማ የሠርግ ጨርቅ ተቆልሏል።

"አንተ በየቢሮው ስትዞር ሞላ ተሸክሞ አመጣልኝ" አለችኝ ቀና ሳትል። "ሮቢት ድረስ ሄዶም እትዬ ፋጡማን ለምኖ የመለሳቸው እሱ ነው። ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሴራ አለበት ብለህ እንዳታስቆመኝ ፈራሁ።"

ሞላ ቆሞ ጫማውን ያያል። "እኔም ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ አላስጠጋ አልከኝ" አለ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ። ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ ደግ ይሆናል? የሚል ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዘሃራ ቀና ብላ ስታየኝ መልሼ ዋጥኩት።

"ከቆማችሁ አይቀር ይሄን ያዙልኝ፤ ልቁረጥ" አለችን።

የሙሽራዋን ነጭ ጨርቅ ዘረጋችው። እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ ሞላ ሌላውን። ዘሃራ መቀሱን አነሳች። እኔ ዓይኔን ከሞላ እጅ ላይ አልነቀልኩም፤ ወደ ራሱ እየሳበ እንደሆነ ይታወቀኛል። ጨርቁ ተወጠረ። በደንብ ተወጠረ።

"ላላ አድርገው እንጂ፣ ሊቀደድ ነው!" አለች ዘሃራ።

ሞላን አየሁት። እሱ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ብቻ ነበር የያዘው። የምስበው እኔ ነበርኩ።